ፀሐይቱን ያቆምኩበት ፋሲካ

ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ሆሳዕና

ይህን ደብተር የገዛሁት የሥራ ዝርዝር ልይዝበት ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ዝርዝሩን ትቼ ማጉረምረም ጀመርኩ። ይሁን፤ ከሰው ጋር ከማጉረምረም ይሻላል።

አምቦ ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ሸዋገነት አዲስ ዓለም ነርስ ናት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወይ እኔ እሄዳለሁ ወይ እሷ ትመጣለች። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ። ምክንያቱ ወረቀቴ ነው። የሚገመግሙት ፈረንጆች አንዱን ሥዕል በተሻለ ጥራት አስልተህ ድገመው ብለውኛል። የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 28፣ የፋሲካ ማግስት። ፋሲካ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል። ወረቀቱ ካልወጣ ተባባሪ ፕሮፌሰርነቱ ለከርሞ ነው። «ለከርሞ» ስባል ደግሞ ይህ ሦስተኛዬ ይሆናል።

ያለን ደህና ማሽን አንድ ነው፤ እሱን የያዘችው ዱሬቲ ናት። የማስተርስ ተማሪዬ ናት፤ ጎጆ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ታስተምር ነበር፣ የትምህርት ፈቃዷ በሰኔ ያልቃል። የምትሠራው ፀሐይ ላይ ነው። ከፀሐይ ገጽ አንዲት ቁራጭ ወስዳ፣ ከሥር የሚወጣው የማግኔት መስክ ያንን የሚንተከተክ ገጽ ሰንጥቆ ጥቁር ነጠብጣብ እንዴት እንደሚሠራ በኮምፒውተር ታስኬዳለች። አንዷን የፀሐይ ሰዓት ለማስላት ማሽኑ አንድ ቀን ተኩል ይፈጅበታል። አሥራ ስምንት ሰዓት ያስፈልጋታል። ዛሬ ዘጠነኛው ላይ ናት።

ጀነሬተሩን የሚይዙት ኦቦ ጉርሙ ናቸው። መብራት ሲሄድ ባትሪው ማሽኑን የሚያቆየው ሃያ ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ውስጥ ሮጠው በእጃቸው ማስነሳት አለባቸው። እስካሁን አንድም ቀን አላመለጣቸውም። ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት ሠርተው ዘንድሮ የቋሚ ቅጥር ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ሰኔ ላይ ይጸድቃል ይባላል። ጠዋት ሲያገኙኝ ከሰላምታቸው በፊት «ፀሐይቱ ደህና አድራለች» ይሉኛል። በመብራት ኃይል የምትተዳደር ፀሐይ ያለችው አምቦ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሚያዝያ 25፣ ስቅለት

ግቢው ባዶ ነው። ዱሬቲ ወደ ጎጆ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻውን ሥዕል አሳየችኝ። አሥራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ነጠብጣቡ ወጥቷል፤ መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያውን እንደ ሽፋሽፍት የተዘረጉ ክሮች። ሰባት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥዕል ወጥቶልኝ አያውቅም።

«አደራ ዶክተር» አለች፣ ቦርሳዋን አንግታ።

«ምን ይሆናል ብለሽ ነው። ኦቦ ጉርሙ አሉ፣ እኔም አለሁ» አልኳት።

ጥሩ ነው አልኳት እንጂ ግሩም ነው አላልኳትም። ቀንቼ ነበር። እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ።

ማሽኑ ሁለት ሥራ አብሮ አይችልም። ሞክሬ አየሁት።

ሚያዝያ 26፣ ቅዳሜ

የዱሬቲን አስቆምኩት። ለአሥራ አራት ሰዓት ብቻ ነው። ነገ ካለበት ይቀጥላል፤ እሷም ሳታውቀው ያልቃል። የእኔ እየሄደ ነው። ለሸዋገነት ደውዬ የተማሪዬን ሥራ እየጠበቅኩ ስለሆነ ነገ ከሰዓት ነው የምመጣው አልኳት። ዞሮ ዞሮ ውሸት አይደለም።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ፣ አዲስ ዓለም

ወረቀቱን ላክሁ። ሥዕሉ አምሯል።

ዶሮው አልዋጥልህ አለኝ። ሸዋገነት «ሁለት ወር ጾመህ ሆድህ ደንግጦ ነው» አለች። ይሁንላት።

ዱሬቲ ደወለች፤ አላነሳሁም። ደግማ ደወለች።

«ዶክተር፣ እንኳን አደረሰዎ። ሥራው የቆመ ይመስለኛል። የሚያውቁት ነገር አለ?»

«መብራት ሄዶ ይሆናል። ስመለስ አየዋለሁ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እሺ ዶክተር።»

ሚያዝያ 30፣ ረቡዕ

ዛሬ የሆነውን እንደሆነው ልጻፍ።

ማሽኑ ክፍል ስገባ ዱሬቲ ቀድማኝ ተቀምጣለች። የሃያ ቀን ሥራ የለም። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። ወረቀት ላይ ትቆጥራለች። የመነሻ ፋይሎቹን ደግማ ለማዘጋጀት አምስት ስድስት ቀን፤ ከዚያ ከዜሮ ብትጀምር፣ መብራቱ ከራራላት፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ትጨርሳለች። ጽሑፏን ለማስረከብ የተሰጣት ቀን ግንቦት 30 ነው።

ኦቦ ጉርሙ በሩ ላይ ቆሙ። ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ዶክተር። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አምስት ቤቴ ሄጄ ፈሰክኩ። ስመለስ መብራቱ አለ፣ ማሽኑ ግን ጠፍቷል። እኔ በሌለሁበት ሄዶ መጥቷል ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠርቼ አላውቅም።» ወደ ዱሬቲ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«ምንም አይደል ኦቦ ጉርሙ» አለች። «ረኮ ሂንቀቡ።»

ችግር የለም ማለቷ ነው። ይህን ስትል እሳቸውን ሳይሆን እኔን ታይ ነበር። እንዳግዛት መሰለኝ።

«ያጋጥማል» አልኩ።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ከትናንት ጀምሮ ዓለም ሁሉ የሚያወራው ስለ ፀሐይ ነው። ፀሐይ ላይ ከአሥር መሬት በላይ የሚሰፋ ነጠብጣብ ወጥቶ፣ የእሱ ማዕበል እዚህ ድረስ ደርሶ ሰሜኑን ሰማይ አቅልቶታል። ዱሬቲ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ብየዳ ቤት የብየዳ መስታወት ተውሳ መጣች። ሕንፃው ፊት ለፊት ቆመን በየተራ አየን። ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል፤ ትንሽ ጥቁር ጠብታ።

ኦቦ ጉርሙ መስታወቱን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ያጠፋኋት ይቺን ነው?»

«እሷ አትጠፋም ኦቦ ጉርሙ» አለች ዱሬቲ፣ መስታወቱን ቀስ አድርጋ ከእጃቸው ወስዳ።

ለእኔም ሰጠችኝ። አየሁ ብዬ መለስኩላት እንጂ ዓይኔን አልገለጥኩም።

ግንቦት 4፣ እሑድ

መብራት የለም። ዛሬ በእውነት የለም። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በቀን ብርሃን ነው የምጽፈው። ሳልጽፈው አንድ ሳምንት አለፈ፤ በሐሳብ ውስጥ ግን በቀን አሥር ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የዱሬቲን ሥራ አስቆምኩ። ማሽኑ በየሰዓቱ የደረሰበትን ፋይል ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ማስቆሙ ብቻውን ጉዳት የለውም። የእኔን ለማስነሳት ግን ማዘዣውን ከባዶ መጻፍ ሰነፍኩና የእሷን ገልብጬ ቁጥሮቹን ቀየርኩ። የሚያስቀምጥበትን ፎልደር መቀየር ረሳሁ። የፋይሎቹ ስም አንድ ነው። የእኔ ፀሐይ በእሷ ፀሐይ ላይ ስትጻፍ አደረች። አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የማስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ የጣልኩት የራሴን ብብት እንኳ አይደለም።

እስከዚህ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል።

እሑድ ሁለት ሰዓት ላይ በጓሮ በር ገብቼ አየሁት። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ መስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለ ኦቦ ጉርሙ ነጭ ለብሰው ወደ ዋናው በር ሲሄዱ አየሁ። ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ። አልመጣልኝም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት። መጀመሪያ የእኔን ሥዕል ገለበጥኩ። ቀጥዬ ፋይሎቹንም ያዘዝኩትንም ሰረዝኩ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር አወረድኩት።

ባትሪው መጮኽ ጀመረ። ሃያ ደቂቃ ይጮኻል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ጠበቅኩት። በየትኛዋም ደቂቃ ተነስቼ ብሬከሩን መልሼ፣ ለዱሬቲ ደውዬ «አበላሸሁብሽ» ብላት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልተነሳሁም። ማሽኑ ሲጠፋ ብሬከሩን መልሼ በጓሮ በር ወጣሁ።

አምቦ ውስጥ «መብራት ሄዶ ነው» ያለ ሰው አይጠየቅም። ለዘገየ ደብዳቤም፣ ለቀረ ስብሰባም፣ ላልታረመ ፈተናም ይሠራል። እኔ ራሴ ከተማሪ ስሰማው ኖሬ አንድም ቀን አጣርቼ አላውቅም።

ያልነገርኳት ለእሷው ብዬ ነው። ባለቀ ሰዓት በአማካሪዋ ላይ ያላት እምነት ቢፈርስ ምን ይጠቅማታል። ከጨረሰች በኋላ እነግራታለሁ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አብዱልከሪም ጠራኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጅማ ያደገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ዱሬቲ የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምላት አመልክታለች።

«ምክንያቱን አንተ በደብዳቤ ጻፍልኝ። አማካሪዋ አንተ ነህ፣ ያለዚያ አያራዝሙላትም።»

ጻፍኩ። «የኤሌክትሪክ ኃይል በመቋረጡና ጀነሬተሩ በወቅቱ ባለመነሳቱ ምክንያት የሃያ ቀን ሥራ ጠፍቷል።» አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝም። አብዱልከሪም አንብቦ ማኅተም አደረገበት።

የማንንም ስም አልጠራሁም።

ግንቦት 15፣ ሐሙስ

ተራዘመላት። እስከ ሰኔ 10።

ለኦቦ ጉርሙ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። አስተዳደሩ ደብዳቤዬን አይቶ በዕለቱ ተረኛው ማን ነበር ብሎ ጠይቋል። እሳቸው ደግሞ አልካዱም። «ከሥራ ገበታ ያለ ፈቃድ በመለየት» ይላል። ኮሪደር ላይ አውጥተው አሳዩኝ፣ አማርኛው አንዳንድ ቦታ ስለከበዳቸው እንዳነብላቸው። አነበብኩላቸው።

«ልክ ናቸው» አሉ፣ አጥፈው ኪሳቸው እየከተቱት። «የቋሚውን ነገር ግን ያበላሽብኝ ይሆን?»

«አይመስለኝም» አልኳቸው።

ምን አስባለኝ። ከምን ተነስቼ።

ግንቦት 18፣ እሑድ

ትናንት ሸዋገነት መጣች። ምሳ ይዛልኝ ማሽኑ ክፍል ድረስ ዘልቃ ከዱሬቲ ጋር ሲስቁ ቆዩ። ሳህኑን ስታነሳ እንዲህ አለቻት፤

«አንቺን ነው የምወቅሰው። በፋሲካ ጠዋት እንኳ ያንቺን ሥራ ልጠብቅ ብሎ እዚሁ ቀርቶ ብቻዬን ነው የፈሰክኩት።»

ዱሬቲ አንገቷን ደፍታ የማሽኑን ሰሌዳ ታይ ነበር።

«አላወቅኩም ነበር» አለች። «ባዬ ገለቶማ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ከምሳው ስላካፈሉኝ።»

ልብ ያለችው አይመስለኝም። ወሬ መስሏት ነው ያለፈችው።

ለሸዋገነት መንገድ ላይ በቁጣ ተናገርኳት፤ የሥራዬን ጉዳይ ተማሪ ፊት አታውሪ ብዬ። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። እንዴት ይገባታል።

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

ሳምንቱን ሙሉ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ትናንት አራት ጊዜ። አራቱንም ጊዜ ጀነሬተሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተነሳ። ኦቦ ጉርሙ ጀነሬተሩ ቤት ፍራሽ አስገብተዋል፤ ቤታቸው የሚሄዱት ልብስ ለመለወጥ ብቻ ነው። ማንም አላዘዛቸውም።

ዱሬቲ ከጎጆ አንድ ማዳበሪያ ድንች አምጥታ ሰጥታቸዋለች። ሲሉ የሰማሁት ነው። ለእኔ አላመጣችም፤ መምህርን ማስታወስ ትታለች ብዬ ቀለድኩባት። «ይቅርታ ዶክተር» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ድሮ መልስ አታጣም ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ሰዓት። ሥዕሎቿን ማሳየት ትታለች። ሥራ በዝቶባት ነው።

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

ወረቀቱ ተቀባይነት አገኘ። «በተለይ ሦስተኛው ሥዕል» ብሏል ገምጋሚው።

አብዱልከሪም ቢሮው አስገብቶ እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። ማዕረጉ ለሐምሌ ቦርድ ይቀርባል። ሰዎች ሻይ ካልጋበዝክ አሉኝ፤ ጋበዝኩ። ኦቦ ጉርሙ ሲያልፉ ሰምተው ወደ እኛ መጡ። ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል። «እኔ ባጠፋሁበት ወር እንኳን የእርስዎ ሰመረ» አሉኝ።

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

አለቀ። አሥራ ስምንተኛው ሰዓት። ነጠብጣቡ ወጣ፣ ሰፋ፣ ከጎኑ ከሚወጣው ተቃራኒ መስክ ጋር ተገናኝቶ ተጣመመ። ከመጀመሪያውም ይልቅ ያምራል። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወጥታ በሩጫ ጀነሬተሩ ቤት ገባች። በመስኮት አየኋት፤ ኦቦ ጉርሙን አቅፋ ታለቅሳለች። የደስታ ነው።

እንግዲህ ተጠናቀቀ፤ አሁን ልነግራት እችላለሁ። ግን ጽሑፏን በሰባት ቀን ማስረከብ አለባት። ሐሳቧ መበተን የለበትም። ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ከተከላከለች በኋላ።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

የቋሚ ቅጥሩ ዝርዝር ተለጠፈ። የኦቦ ጉርሙ ስም የለም። በዲሲፕሊን ምክንያት ይላል። ኮንትራታቸውም ሰኔ 30 ሲያልቅ አይታደስም። በእሳቸው ቦታ ሌላ ሰው እየፈለጉ ነው።

ሰሌዳው ፊት ሰው ተሰብስቦ ያነባል። አንዱ «አይ ጉርሙ፣ በዶሮ ወጥ ዘጠኝ ዓመቱን በላት» ሲል ሰማሁ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ከንፈሬ ሳቀ። ከንፈሬ ሲስቅ ተሰማኝ።

ወደ አብዱልከሪም ቢሮ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፣ ብቻውን ነበር። «ምነው?» አለኝ። የፈተና ወረቀት ጠይቄው ተመለስኩ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እናቴ የሰፈር ሰው ስትሰድብ ነበር የምትለው። እኔ ላይ ይደርሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ትናንት ዱሬቲ መከላከያዋን አቀረበች። ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ አገላብጦ ጠየቃት። አንዴም አልተደናገረች። እጅግ በጣም ጥሩ ተባለላት። ሰዉ ሲበተን አራቱን ቅጂ ይዛ ቢሮዬ ገባች። አራቱንም ፈረምኩላት። አንድ በአንድ አይታ ፖስታ ውስጥ ከተተች፤ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ አስገብታ ዚፑን ዘጋች። አልተቀመጠችም።

«ዶክተር፣ ሌላ የሚቀር ፊርማ የለም አይደል?»

«የለም። ጨርሰሻል።»

«እንግዲያው ልናገር። ሥራው በቆመ ቁጥር ማን እንዳስቆመው ለስልኬ መልእክት እንዲልክ አድርጌ ነበር። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የፋሲካ ዋዜማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ስምዎ መጣልኝ። ጎጆ ሆኜ አየሁት። እሑድ ማሽኑ ጨርሶ ጠፋ። ሰኞ የደወልኩልዎ እንዲነግሩኝ ነበር።»

ሁለት ወር ገደማ እሷ እያወቀች፣ እኔ ደግሞ ለእሷ እያሰብኩላት።

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው።

«ፊርማዎ ያስፈልገኝ ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጎጆ ሁለት ልጆች ትቼ ነው የመጣሁት። እርስዎ ካልፈረሙ ሁለት ዓመቴ ባዶ ነው። ስለዚህ ኦቦ ጉርሙ ይቅርታ ሲጠይቁኝ ምንም አይደል አልኳቸው። እያወቅኩ። ማስጠንቀቂያ ሲደርሳቸው ዝም አልኩ። ስማቸው ሲሠረዝ ዝም አልኩ። ድንች አመጣሁላቸው። ድንች ምን ያደርግላቸዋል።» እዚህ ላይ ብቻ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርስዎን ብቻ አይደለም ያፈርኩት፤ ራሴንም ነው። አሥር ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ቀድመው መሄድ ከፈለጉ ጊዜ አለዎት።»

ወጣች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አብዱልከሪም ነው። ቀላሉ እሱ ስለነበር ነው። ወረቀት አንስቼ ፊቱ ጻፍኩት፤ ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ ብሬከሩን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን ከተቀበልኩህ ማዕረግህ ቦርድ ፊት አይቀርብም። ምናልባትም ከዚያ ይብሳል። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ስማ ደግፌ፣ ዝርዝሩ ዓርብ ዕለት ወደ ላይ ሄዷል። ኮንትራቱን ላሳድስለት እታገላለሁ። ቋሚውን ግን ሳምንት ቀደም ብለህ ብትመጣ ነበር።»

ሳምንት ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር። የፈተና ወረቀት ነው የጠየቅኩት።

የኦቦ ጉርሙ ቤት ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። ኦቦ ጉርሙ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባለቤታቸው አዴ ጉዴ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። አማርኛ ብዙ አትሰማም።

«እንኳን ደስ አለዎ ዶክተር፣ ልጅቷ አለፈች ሲሉ ሰማሁ» ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ።

ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። አጭር ነው። ሁለት ወር ገደማ የፈጀብኝ ነገር ሲነገር ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ስጨርስ ጉልበታቸውን በእጃቸው አሹ። የሚቆጡ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡ ደስ ባለኝ።

«ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በሥራዬ ላይ ሆዴን አስቀድሜ የሰው ድካም አጠፋሁ ብዬ። አርባ ቀን ስገድ አሉኝ። በበዓለ ሃምሳ አይሰገድም፤ የሐዋርያት ጾም እስኪገባ ጠብቄ ጀመርኩ። ዛሬ ስምንተኛዬ ነው። እሷም አብራኝ ትሰግዳለች። ያን ዕለት ልጆቹ ያላንተ አንበላም አሉ፣ ና ብላ የጠራችኝ እሷ ናት። እኔ ባልጠራህ ኖሮ እያለች እንቅልፍ አጥታ ነው የከረመችው።» ቀና ብለው አዩኝ። «የሰገድነው ለምንድን ነው ዶክተር?»

ይቅርታ አልኳቸው፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሱ ቀለለብኝ።

አዴ ጉዴ የሁለታችንን ፊት ታይ ነበር። «ማል ጄዻ?» አለቻቸው። ምን ይላል ማለቷ ነው።

ወደ እሷ ዞሩ። «ገፈ ፋሲካ ኢብሳን ሂንበድኔ» አሏት።

ሰባት ዓመት እዚህ ኖሬ ይህን ያህል እሰማለሁ። የፋሲካ ዕለት መብራት አልጠፋም ነው ያሏት። ሰፌዱን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ደግማ ጠየቀቻቸው፤ ደግመው ነገሯት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ፣ ታዲያ ማን ነው ያጠፋው፣ አለች።

ኦቦ ጉርሙ አልመለሱላትም። እኔን ብቻ አዩኝ። ይህቺን አንዲት ነገር እንኳ ሊሠሩልኝ አልፈለጉም፤ እውነታቸውን ነው። እሷም ዓይናቸውን ተከትላ ወደ እኔ ዞረች።

«አነ» አልኳት። እኔ።